የሌለው ተማሪ

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት አንድ በጣም የምወደው ተማሪ ነበረኝ። ልብ ወለዱን አንብቦ ጨርሶ ነው ክፍል የሚመጣው፤ ማታ መብራት አይጠፋበትም፤ ጠዋት አይርበውም። ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ተማሪ አልነበረም። ትምህርቱንም ፈተናውንም የማዘጋጀው ግን ለእሱ ነበር።

ነገርን ከጓዙና ከጉድፉ አጥርቶ ማሰብን ምሁራኑ አይዲያላይዜሽን ይሉታል። በሳይንስ ነውር አይደለም። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመው መጽሐፉ ስለሚወድቁ ነገሮች ሲመረምር አየሩን በሐሳቡ አስወገደው። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ ባንድ ጊዜ ለቀቀ፤ ባንድ ጊዜ አረፉ። (ለቴሌቪዥን ተመልካች የተደረገ ትርኢት ነበር፤ ቢሆንም ያምራል።) እዚህ ምድር ላይ ላባው ቢዘገይ ንድፈ ሐሳቡ አያፍርም። የተቀነሰው ይታወቃል፤ አየሩን መልሶ ማስላት ይቻላል።

በዚያው በ1971 የአሜሪካዊው ፈላስፋ የጆን ሮልስ «የፍትሕ ንድፈ ሐሳብ» ወጣ። ሮልስም አጠራ። ሁሉም ሰው ለማለት ይቻላል ለፍትሕ ደንብ የሚገዛበትን ማኅበረሰብ አሰበና፣ የቅጣቱና የካሳው ጉዳይ ለኋላ ይቆይ አለ። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ አከብረዋለሁ። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ጋሊሊዮ የቀነሰው አየርን ነው፤ ሮልስ የቀነሰው በደልን ነው። ስለ ፍትሕ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ተበድሎ ነው። ጃማይካ ያደገው ፈላስፋ ቻርልስ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ፊት ለፊት ተናገረ፤ እንዲህ ያለው ንድፈ ሐሳብ የሚያገለግለው በደሉ ያልነካቸውን ነው አለ።

የሮልስ ወዳጆች «ቀጥ ያለውን ሳናውቅ የተጣመመውን በምን እንለካለን?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እናቴ ግን ሚዛን ሲያጭበረብሯት ለማወቅ ፍጹም ገበያ ማየት አላስፈለጋትም።

የኔን ፍጹም ተማሪ ያፈረሰችብኝ አንዲት ልጅ ናት። ፈተና ወድቃ ቢሮዬ ጠርቼ ተቆጣኋት። በቤተ መጻሕፍቱ የነበረው የልብ ወለዱ ሁለት ቅጂ፣ ተማሪው ሰባ ምናምን።

«መምህር፣ ተራዬ የደረሰው ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። አሁን ጨርሼዋለሁ፤ የፈለጉትን ይጠይቁኝ» አለችኝ።

«ውጤቱ ገብቷል» አልኳት። ገና ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።