ሻይ የሌለበት የሻይ ዘይት

ነቀምቴ ስሄድ የማርፈው እህቴ ቤት ነው። ልጇ ሁልጊዜ ከበር ነበር የምትቀበለኝ፤ ባለፈው ጊዜ ግን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ከጓዳ ብቅ አለችና፣ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?» ብላኝ ወዲያው ልትመለስ ሆነ። «ነይ እስቲ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። ከእሷ በፊት እናቷ መለሰችልኝ፤ «ምን ትሆናለች ወንድሜ! ብጉር አጠፋለሁ ብላ ፊቷን አጠፋችው እንጂ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። ጉንጯ ላይ ብጉር ወጣባት። ጓደኛዋ ስለ «ቲ ትሪ» ነገረቻት፤ ከአንድ የመዋቢያ ሱቅ ትንሽዬ ብልቃጥ ገዛች። ሻጩ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አያደርግሽም፣ ማታ ማታ ተቀቢው» አላት። ተቀባችው። ከምንም ሳትቀላቅል፣ በጥጥ እየነከረች፣ አንድ ሳምንት ሙሉ። ቆዳዋ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አሳከካት፣ በመጨረሻ ተላጠ። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ዘይቱን ተዪው ተብላለች፤ እኔ ስደርስ መዳን ጀምራ ነበር።

«ብልቃጡን አምጪልኝ» አልኳት። ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው መጥፎ ልማድ አለበት፤ የተጻፈ ነገር ካገኘ ሳይገመግም አያልፍም። እናላችሁ፣ የዓይን መነጽሬን አድርጌ የብልቃጡን ጽሑፍ እንደ አንድ አጭር ልቦለድ ገመገምኩት። ርእሱ ያሳስታል። ቋንቋው የገዢው አይደለም፤ ኦሮምኛም አማርኛም የለበትም። «ንጹሕ» እና «ተፈጥሯዊ» የሚሉት ቃላት በትልልቅ ፊደል ተጽፈዋል። «በሌላ ዘይት ሳይቀጥኑ አይቀቡ፣ አይዋጥም» የሚለው ግን ከታች፣ ጉንዳን የሄደበት በሚመስል ፊደል ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ እዚያች ጉንዳን ላይ ነበር!

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ብልቃጡ የመጣበት ቦታ ነው። ከጓዳ መደርደሪያ፣ ከምግብ ዘይቱ ጎን ነው አንስታ ያመጣችልኝ። እዚያ ቤት የአምስት ዓመት ልጅ አለ። እህቴን ለምን እዚያ እንዳስቀመጠችው ብጠይቃት፣ «ዘይት አይደለም እንዴ? ያውም የሻይ!» አለችኝ። ምን ልበላት? ስሙን ለሰማ ሰው መልሷ ትክክል ነው። «የሻይ ዛፍ ዘይት» ስንል በአማርኛ ሻዩም ዘይቱም የጓዳ ቃል ነው። አንዱ ይጠጣል፣ ሌላው ወጥ ይሠራበታል። ሁለቱን አጋጥመን የሚዋጥ ስም ከሰጠነው በኋላ ሰው ለምን ዋጠው ብንል ማን ይሰማናል?

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ዘይት ከኢሉባቦሩ ጉመሮ ወይም ከከፋው ውሽውሽ ከሚለቀመው ሻይ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የሚገኘው ሜላሉካ አልተርኒፎሊያ ከሚባል የአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል ነው። የአገሬው ተወላጆች፣ በተለይ የቡንጃሉንግ ሕዝብ፣ ቅጠሉን ለቁስልና ለቆዳ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አርተር ፔንፎልድ የተባሉ የሲድኒ ኬሚስት ዘይቱ ተሕዋስያንን እንደሚገድል አሳዩ፤ ንግዱም ከዚያ ተነሣ። አወጣጡን ለወለጋ ሰው ማስረዳት አይቸግርም፤ አረቄ እንደሚወጣው ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል፣ ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። እንደ ኑግና እንደ ሰሊጥ ተጨምቆ የሚወጣ ቅባት አይደለም። የብዙ ቅጠል ጉልበት በጥቂት ጠብታ የታጨቀበት ነገር ነው። አረቄን በጠላ መለኪያ የሚጠጣ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ዝምድና ከተባለ ደግሞ የዛፉ ዘመድ እዚሁ ደጃችን ቆሟል። ባሕር ዛፍ ነው! ሁለቱም የአውስትራሊያ ተወላጆች፣ ሁለቱም የአንድ የዕፀዋት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ዛሬ የነቀምቴንም የጊምቢንም ዳገት ሞልቶታል። እናቶቻችን ለጉንፋን ቅጠሉን አፍልተው ያጥኑን ነበር፤ ማንም ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምቆ ሲጠጣ አላየሁም። ያኔ ብልቃጥም ጽሑፍም አልነበረም። አጠቃቀሙን የምታሳይ እናት ግን ነበረች።

አሁን «ተፈጥሯዊ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። ይህ ቃል በዚህ ዘመን የምስክር ወረቀት ሆኗል፤ እሱን ካሳየ የሚጠይቀው የለም። እንዶድ ተፈጥሯዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙት በዚሁ ተፈጥሯዊ ነገር ነው። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፤ መጠኑን ሳያውቁ የጠጡትን ሰዎች ታሪክ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ተፈጥሮ ለመድኃኒትም ለመርዝም እኩል እናት ናት። የሚለያያቸው ብዙ ጊዜ መጠኑ ነው።

ታዲያ ዘይቱ ከንቱ ነው ማለቴ ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 አውስትራሊያ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ብጉር ባለባቸው 124 ሰዎች ላይ አምስት በመቶ የዚህ ዘይት ያለበትን ቅባት፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሚባለው የታወቀ የብጉር መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ። የዘይቱ ሥራ ዘገም ያለ ነበር፤ ጉዳቱ ግን አነስ ያለ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ አምስት በመቶ ነው የተባለው። አንድ ጠብታ ለአሥራ ዘጠኝ ጠብታ ሌላ ቅባት ማለት ነው። የእህቴ ልጅ መቶ በመቶውን ነው ፊቷ ላይ ያፈሰሰችው። የተሳሳተው ሳይንሱ አይደለም። ከአውስትራሊያ እስከ ነቀምቴ በተደረገው ጉዞ አምስቱ መንገድ ላይ ጠፋችና መቶው ብቻ ደረሰ።

ሌላም አለ። ይህ ዘይት ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይበላሻል፤ የተበላሸው ደግሞ ቆዳን ይበልጥ ያስቆጣል። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የከረመ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ለስንቱ ሲሸተት የቆየ ብልቃጥ፣ ዋጋው አልቀነሰም፤ ጠባዩ ግን ተለውጧል። ከዋጡት ደግሞ መርዝ ነው፤ ሕፃናትን ያደናግራል፣ ያንገዳግዳል፣ ራስ እስከ መሳትም ያደርሳል።

ይህን ሁሉ ስናገር እህቴ ደስ አላት። «እኔ ያልኩት ይኸው አይደል! የወለጋ ቅቤ እያለ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ተቆጠረ» አለች። እዚህ ላይ ከእህቴም ጋር ተለያየን። ቅቤ ለደረቀ ቆዳ ጥሩ ነው፤ ብጉር ላለበት ወዛም ፊት ግን ወዝ በወዝ መጨመር ነው። የራሳችን ስለሆነ ብቻ ማመንና የውጭ ስለሆነ ብቻ ማመን አንድ ዓይነት ስንፍና ነው። ሁለቱም ላይ ጥያቄ የለም።

በዚህ ምድር ቆዳ የቁንጅና ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም መርሳት የለብንም። ወደ ምዕራብ ወለጋ ወረድ ስንል ባዶ እግሩን ቀዩን አፈር ሲረግጥ የኖረ ገበሬ እግሩ ያብጣል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት የዝሆኔ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጉሊሶ ወረዳን የሚመለከት ጥናት ታትሞ ነበር፤ ከነዋሪው 2.8 በመቶው ይህ ሕመም እንዳለበት አሳይቷል። ሕክምናው እጅግ ተራ ነገር ነው፤ ሳሙና፣ ውኃ፣ ልኩን ያወቀ የማጽጃ ጠብታ፣ ቫዝሊን፣ ካልሲና ጫማ። ዋናው ሥራ ግን ሕመምተኛውን በሚገባው ቋንቋ፣ እግሩን አብሮ እያጠቡ ማሳየት ነው። በትክክል የተነገረ መጠን ለገበሬው እግር ካስፈለገ፣ ለተማሪዋ ጉንጭ የማያስፈልግበት ምን ምክንያት አለ?

ነቀምቴ ደግሞ ይህን ልትዘነጋ የማይገባት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ ኋላ የኖሩባትና ያስተማሩባት ከተማ ናት። ሰው በማይገባው ቋንቋ አይማርም ብለው የደከሙ ሰው ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ በእኚሁ ሰው ከተማ ልጆቻችን ፊታቸው ላይ የሚያፈሱትን ነገር መመሪያ ማንበብ አቅቷቸው ይቃጠላሉ። መዋቢያን የሚቆጣጠር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለን፤ አስመጪ አለን፤ ነጋዴ አለን። በብልቃጥ ላይ ሁለት መስመር ኦሮምኛና አማርኛ መለጠፍ የሚያከስረው ነጋዴ ካለ እሱ መጀመሪያውንም መነገድ አልነበረበትም። ስሙንም ብንተወው እወዳለሁ። «ዘይት» ከሚሉት «የሚቀባ መድኃኒት» ቢሉት፣ «ሻይ» የሚለውንም ቢጥሉት፣ ቢያንስ ጓዳ አይገባም።

እስከዚያው የምመክረው ይህን ነው። ሳይቀጥን አትቀቡት። መጀመሪያ የቀጠነውን ክንዳችሁ ላይ ሞክሩና አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ከብርሃንና ከልጆች አርቁት። ብጉሩ ከጸና ደግሞ ከሱቅ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ።

የእህቴ ልጅ በማግሥቱ ፕላስተር ቆርጣ ብልቃጡ ላይ ለጠፈችና በሁለቱም ቋንቋ «አይጠጣም» ብላ ጻፈችበት። ፊደሏ ትልልቅ ነበር። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። ብትጥለው ይሻል ነበር፤ እሷ ግን «ጋሼ፣ የገዛሁበት ገንዘብ እኮ ነው!» አለችኝ።