የአያት ታሪክ በምን ሥርዐት ይጻፋል?

አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ባረፉ ጊዜ፥ ሣጥኑ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት፥ ከልጆች ወይም ከልጅ ልጆች አንዱ ወረቀት አውጥቶ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ማንበብ በከተማ የጸና ልማድ ሆኗል። የወረቀቱ አነጋገር ከቤት ወደ ቤት ብዙ አይለወጥም። ከአባታቸው ከእገሌ፥ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለጋብቻ ሲደርስ በሕግ ተጋብተው ይህን ያህል ልጅ ወለዱ፥ ይህን ያህል የልጅ ልጅ አዩ፤ እንግዳ ተቀባይና ለድኻ አዛኝ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም ምክንያት በተወለዱ በዚህ ዓመታቸው ዐረፉ ይላል። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ስሙ ብቻ ቢለወጥ ያው ወረቀት ለጎረቤቲቱ ቀብርም ባገለገለ ነበር።

ይህን የምለው ከውጭ ቆሜ አይደለም። አያቴ ባረፉ ጊዜ ያችን ወረቀት የጻፍኋት እኔ ነኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነበረች። ዓመተ ምሕረቱን አስተካክዬ፥ የልጆቹን ስም በየተራው አግብቼ፥ ድምፄ ሳይቋረጥ አነበብኋት፤ እንዲያውም መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ግን የአያቴ የብዙ ዘመን ጎረቤት የሆኑ እናት ክንዴን ያዝ አድርገው፥ «ልጄ፥ ቅድም ያነበብኸው የማንን ነው?» አሉኝ። አለመስማታቸው መስሎኝ ጮክ ብዬ መለስሁላቸው። ነቀፋ መሆኑ የገባኝ ማታ ነው።

ይህ ጥያቄ በልቤ ሳለ ነው የአይዳ እደማርያምን መጽሐፍ ያነበብሁት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «ዘ ዋይፍስ ቴል» ተብሎ በ2010 ዓ.ም. ታተመ፤ ርእሱን ብንተረጉመው «የሚስቲቱ ወግ» እንደ ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመትም የአንድን ቦታ መንፈስ አጉልቶ ለሚያሳይ መጽሐፍ በእንግሊዝ አገር የሚሰጠውን የኦንዳትጂ ሽልማት አግኝቷል። ቦታው ጎንደር ነው። ባለታሪኳም የጸሐፊዪቱ አያት ወይዘሮ የተመኙ ናቸው፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው ሃያ ዓመት ለሚያህል ለሚበልጧቸው ካህንና ባለቅኔ ለአለቃ ጸጋ የተዳሩ፥ የጠላትን ወረራ፥ ስደትን፥ የባላቸውን መታሰር፥ የልጆችን ሞት፥ የንጉሡን መውረድና አብዮቱን ሁሉ ያዩ ሴት ናቸው።

በዚህ ቦታ ወደ ወረቀቴ ልመለስ። «ዕድሜያቸው ለጋብቻ ሲደርስ» የሚለውን ቃል እኔም ጽፌዋለሁ። ስንት ዓመት እንደ ነበሩ ግን አልጠየቅሁም፤ ቃሉ እንዳልጠይቅ አድርጎ የተሠራ ነውና። አይዳ ጠይቃለች። ጠይቃም ጋብቻውን በአንድ ቃል አልፈረደችበትም፤ ለጥናት ጽሑፍ እንደሚመች የበደል ምሳሌ ብቻ አላደረገችውም፥ ለቀብር ወረቀት እንደሚመች በረከት ብቻም አላደረገችውም። ሳይጠየቁ የተሰጡት ልጅ ቆይተው ስለዚያው ባል ፍትሕ ፍለጋ የሚሟገቱ ሴት ሲሆኑ እናያለን። ከመጀመሪያይቱ ልጅ እስከ ሁለተኛይቱ ሴት ያለው መንገድ እንዴት እንደ ተሄደ መጽሐፉ በገጾች ብዛት እንጂ በማብራሪያ አይነግረንም፤ እኔም ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን አብልጬ ወደድሁ።

የመጽሐፉ አካሄድ የወሮቻችንን ስምና የአዝመራውን ተራ፥ የበዓላቱንም ዑደት ይከተላል። መጀመሪያ ይህን ሳይ ለውጭ አገር አንባቢ የተደረገ ጌጥ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ባለሥልጣን ሲሾም፥ ሲዘምት፥ ሲሻር የሚሆነው ሁሉ አንድ ጊዜ የሚሆን ስለ ሆነ ታሪኩ በዓመተ ምሕረት ሊጻፍ ይችላል። የቤት እመቤት ሥራ ግን ተመልሶ የሚመጣ ነው፤ በርበሬው በየዓመቱ ይሰጣል፥ ለበዓሉ ጠላ በየዓመቱ ይጠመቃል፥ ጾሙ በየዓመቱ ይያዛል፥ በየዓመቱም ይፈሰካል። ስልሳ ጊዜ የተሠራ ሥራ ዓመተ ምሕረት የለውም፤ ወር ግን አለው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች በዓመት ስንቈጥር ይህ ሁሉ በወንፊቱ ቀዳዳ ያመልጠናል፤ የሚቀርልን ልደት፥ ጋብቻ፥ ዕረፍት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» ለኋላ ዘመን ልጆች ማስታወሻ ትተዋል፤ እኛ ግን የታላላቅ ሰዎችን አጻጻፍ ወስደን ወፍጮና ምጣድ ይዘው ዘመናቸውን ለፈጸሙት ሁሉ እንደ ልክ ልብስ አለበስናቸው።

ይሁን እንጂ በወር መቍጠር የራሱ አደጋ አለው፤ ወንድ ታሪክ፥ ሴት ደግሞ ክረምትና በጋ የሆነች ያስመስላልና። ከዚህ መጽሐፉን ያዳነው ዓመተ ምሕረት በሩን ሰብሮ የሚገባበት ጊዜ መኖሩ ነው። የጦርነቱን ዘመን ተመልከቱ። እኛ በትምህርት ቤት ነጻነታችን የተመለሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው ብለን ተምረናል፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነው። በጎንደር ግን ጠላት እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በእልልታ ላይ ሳለች ጎንደሬዎች አንድ ክረምት ሙሉ ገና ከጠላት ጋር ነበሩ፤ የነጻ አውጪዎቹ ቦምብ ሳይቀር ይወርድባቸው ነበር። የአገሩ ቀንና የአንዲት እናት ቀን እንደማይገጥሙ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

በቀድሞው ሥነ ጽሑፋችን የሴት ሕይወት አልተጻፈም የሚል ቢኖር ግን ይሳሳታል። በ17ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ስለ ሃይማኖት ክርክሩ ሲናገር ወፍጮውንና እንስራውን አልናቀም። እመቤቲቱ ባሏን ትታ ከመነኰሰች በኋላ የገረድ ሥራ መሥራቷ ለገድሉ ጸሐፊ የሚጻፍ ነገር ነበር። ነገር ግን ለመጻፍ ቅድስት መሆን አስፈለጋት። ወይዘሮ የተመኙ ቅድስት ሳይባሉ ተጽፈዋል፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

አሁን የማልስማማበትን ልናገር። ወይዘሮ የተመኙ ታሪካቸውን የተናገሩት በአማርኛ ነው፤ እኛ የምናነበው በእንግሊዝኛ ነው። ጸሐፊዪቱ የአያቷን አነጋገር ወደ እንግሊዝኛው ለማስገባት የደከመችው ድካም በየገጹ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ተሳክቶላታል። ሆኖም እንግሊዝኛ ለአንተም፥ ለአንቺም፥ ለእርስዎም አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው። አንዲት ልጅ ሃያ ዓመት የሚበልጧትን ባል «እርስዎ» ብላ ስትኖር፥ ይህች አንዲት ቃል በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሁሉ ትለካለች፤ በእንግሊዝኛው ግን ልኬቱ ይጠፋል። ቅኔውም እንዲሁ ነው፤ ሰሙና ወርቁ ከተገለጠ በኋላ የሚቀረው ትርጓሜው ነው። ደግሞ ታላላቆቹ፥ ነገሥታቱና ሰላዮቹ፥ በተራ ሲገቡ ለባዕድ አንባቢ ሊነገር የሚገባው ማብራሪያ ይበዛና አሮጊቲቱ በራሳቸው ቤት ጥግ ይይዛሉ። ይህን እንደ ከባድ ጥፋት አልቈጥረውም፤ ማን እንደሚያነብባት ታውቃለችና። ለእኛ ግን መጽሐፉ ወደ ወጣበት አማርኛ ሊመለስ ይገባዋል። የሚመልሰውም ሰው መዝገበ ቃላት ብቻ የያዘ ሳይሆን የጎንደር እናቶችን አነጋገር በጆሮው ያሳደረ መሆን አለበት።

ስለ ቃል ካነሣሁ ዘንድ አልቃሾቻችንንም መርሳት አይገባኝም። በሙሾ ሟቿ ብዙ ጊዜ «አንቺ» ተብላ ትጠራለች፤ በሕይወት ሳለች «እርስዎ» የተባለችው እንኳ። አልቃሽ ወደ ሟቿ ዞራ ትናገራለች፤ እኔ ደግሞ ወረቀቴን ይዤ ወደ ለቀስተኛው ዞሬ፥ ስለ እርሳቸው እንጂ ለእርሳቸው አልተናገርሁም። አልቃሽ ሥራዋን ከመጀመሯ በፊት ዘመድ አዝማዱን እየዞረች ስትጠይቅ በልጅነቴ አይቻለሁ። እኔ የጠየቅሁት ልጆቻቸውን ብቻ ነበር፤ እነርሱም ያወቁት ዓመተ ምሕረቱን ነበር።

መጽሐፉን ከጨረስሁ በኋላ ወደ እኒያ ጎረቤት ሄጄ ያመለጠኝን እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው። ቡና እስኪፈላ ዝም ብለው ቆዩና ይህን ነገሩኝ። በአንድ ሐምሌ ወር ወልደው ተኝተው ሳለ፥ ቤታቸውም እህል አልነበረምና፥ አያቴ ሊጣቸውንና እንጨታቸውን ተሸክመው ይመጡ ነበር። «ምጣዴ ተሰንጥቆብኛል፥ እባክሽ በምጣድሽ ልጋግር» ይላሉ። ጋግረው ሲጨርሱ ስለ ምጣዱ ውለታ ብለው ሰባት ስምንት እንጀራ ትተው ይሄዳሉ። አራስ ቤት እስኪወጣ እንዲህ አደረጉ። የአያቴ ምጣድ አንድም ስንጥቅ እንዳልነበረበት ጎረቤቲቱ ያወቁት ከብዙ ዘመን በኋላ፥ አንድ ቀን ለሌላ ጕዳይ ወደ ጓዳቸው ገብተው ነው።

ያችን አንድ ገጽ ተኩል ወረቀት ከመሳቢያዬ አውጥቼ፥ በጀርባዋ ይህን በእርሳስ ጻፍሁ። «ዓመተ ምሕረቱስ ስንት ነበር?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

«ያ ዝናም የበዛበት ክረምት ነዋ!» አሉኝ።