የገንዘብ ማነስና የድርሰት ብርታት

በሥዕል የሚተረክ የኮሚክ ታሪክን ወደ ፊልም ለመለወጥ ከሁሉ በፊት ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚል አስተያየት በተማሪዎችም በእኛ በመምህራንም ዘንድ ይሰማል። አስተያየቱን ለመመርመር ከአንድ የእንግሊዝ ኮሚክ የተወሰዱ ሁለት ፊልሞችን እናነጻጽር።

ጆን ዋግነርና ካርሎስ ኤዝኬራ በ1977 እ.ኤ.አ. የፈጠሩት ጃጅ ድሬድ ወንጀለኛን የሚይዝ፣ የሚፈርድና ቅጣቱንም የሚፈጽም ዳኛ ነው። ፊት የሌለው ሕግ ነውና የራስ ቁሩን አያወልቅም። በ1995 የወጣው ፊልም 90 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። ድርሰቱ ግን ቁሩን አስወልቆ የሲልቬስተር ስታሎንን ፊት ስላሳየን ባለታሪኩ ጠፍቶ ተዋናዩ ብቻ ቀረ።

የ2012ቱ «ድሬድ» ወጪ ከ50 ሚሊዮን ዶላር አልበለጠም። ደራሲው አሌክስ ጋርላንድ ታሪኩን በአብዛኛው በአንድ ቀንና በአንድ ባለ 200 ፎቅ ሕንፃ ወሰነው። ድሬድ አንዲት ሠልጣኝ ሊመዝን ይዟት ይገባል፤ የወንበዴዎቹ አለቃ በሮቹን ትዘጋባቸዋለች። በዚህ አንድ ውሳኔ ወጪው ቀነሰ፤ ጭንቀቱም በረታ። ሠልጣኟ ተገዶ የሠራን ሰው ከሕጉ ውጪ በነፃ ትለቃለች፤ መሣሪያዋን በመነጠቋም በደንቡ መሠረት ወድቃለች። ድሬድ ግን በመጨረሻ ማለፏን ይመሰክራል። የግትሩ ዳኛ መለወጥ በአንድ ቃል ተገለጠ። ዕጩ መምህራንን ከክፍል ኋላ ተቀምጠን የምንመዝን እኛ የዚያን ቃል ክብደት አንስተውም።

እርግጥ ነው፣ ፊልሙ በሲኒማ ቤቶች አላተረፈም፤ መልካም ድርሰት ለገበያ ዋስትና አይሆንም። ድርሰቱ ደካማ ከሆነ ግን 90 ሚሊዮንም አያድነውም። ስለዚህ የድራማ ክበቦቻችን ስለ መጋረጃና አልባሳት ማነስ ከማማረራቸው በፊት ጽሑፋቸውን ደግመው ይመርምሩ እንላለን።