ሙያ በልብ ነው?

ጉርማንድ የሚባል የምግብና የመጠጥ መጻሕፍት ዓለም አቀፍ ሽልማት አለ። ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ኳንትሮ እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረቱት ነው። ልብ በሉ፣ የሚሸለመው ወጡ ሳይሆን መጽሐፉ ነው። ወጡማ ቢሆን ኖሮ ደብረ ማርቆስ ዋንጫ ማስቀመጫ ባጣች ነበር።

ከእኛ ሰዎች ሼፍ ዮሃንስ ገብረየሱስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው «ኢትዮጵያ» በተሰኘው መጽሐፉ ይህን ሽልማት አግኝቷል። ማርከስ ሳሙኤልሰንም ስለ አፍሪካ ምግቦች በጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካኖቹን የጄምስ ቤርድ ሽልማት ወስዷል። ሁለቱም እሰየው የሚያሰኙ ናቸው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፤ ሁለቱም መጻሕፍት የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንጀራን ለማያውቅ ሰው እንጀራ ምን እንደሆነ ማስረዳት አለበት፤ አይፈረድበትም። ለእኛ የሚቀረን ጥያቄ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

የጎጃምን ጠላ እንውሰድ። ጥንስሱ በደጋው ብርድ ስንት ቀን ይቆያል? እንኩሮው ምን ያህል ይብሰል? ለስንት ብቅል ስንት ጌሾ? ባለሙያዋን ብትጠይቋት «ኧረ በዓይን ነው እንጂ ምን ልኬት አለው!» ትላችኋለች። እውነቷን ነው። ዓይኗን ግን ለልጇ ማውረስ አትችልም። ልጅቱ ደግሞ ወይ አዲስ አበባ ናት፣ ወይ ዓረብ አገር። «ሙያ በልብ ነው» እያልን ስናደንቀው የኖርነው ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ሳይቀበር የሚወሰድም አለ። ምሥራቅ ጎጃም በጤፉ የታወቀ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን አንድ የሆላንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በአውሮፓ የፓተንት ቢሮ በስሙ አስመዘገበ። የሄግ ፍርድ ቤት «ይህ ፈጠራ አይደለም» ብሎ በአገሩ ውስጥ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እናቶቻችን ለዘመናት ያወቁትን ነገር ፈጠራ አለመሆኑን ለማስነገር አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ!

ስለዚህ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ፍለጋ ሲባዝኑ፣ ሚዛንና ሰዓት ይዘው ወደ ጠላ ቤት ጎራ ቢሉ ምን አለ? ስንት ኪሎ፣ ስንት ቀን፣ ከማን እንደተማሩት በአማርኛ ይጻፉት፤ የባለሙያዋንም ስም ሽፋኑ ላይ ያስፍሩ። ጉርማንድ ቢሸልመው ደግ፣ ባይሸልመውም ዓረብ አገር ያለችው ልጅ ታነበዋለች።