አውራ አምባና የቦንጋ ዓመታት

በፎገራ ወረዳ ስለሚገኘው ስለ አውራ አምባ ማኅበር የተጻፈው ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት መቋቋሙ፥ በወንድና በሴት ሥራ መካከል ልዩነት አለማድረጉ፥ ሽማግሌዎችንና ድኩማንን በጋራ መጦሩ በየጽሑፉ ይገኛል። ስለ ቦንጋ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ ይኸውም አባሎቹ በደርግ ዘመን ተቃዋሚዎችን ትረዳላችሁ ተብለው ስለ ተከሰሱ በ1988 ወደዚያ ተሰደዱ፥ በ1993 ተመለሱ የሚል ነው።

ይህ አጻጻፍ ጉድለት አለበት፤ ስደቱ የማኅበሩ ዋና ፈተና ነበርና። በተመለሱ ጊዜ አብዛኛው መሬታቸው በጎረቤቶች ተይዞ 17.5 ሄክታር ያህል ብቻ ስለ ቀረላቸው፥ ኑሮአቸውን በሽመናና በንግድ ላይ አቆሙ። መሬቱ ሲሄድ ማኅበሩ ካልፈረሰ፥ ያስተሳሰረው ርስት ሳይሆን ስምምነት ነው ማለት ነው።

ከፋም ለዚህ ስምምነት ተራ መጠጊያ ብቻ አልነበረም። በዚያው አገር ማንጆ የተባሉት ወገኖች በትውልዳቸው ምክንያት ከሌላው ጋር በማዕድና በጋብቻ እንዳይቀላቀሉ ተደርገው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። የአውራ አምባ ሰዎች ስለ መረጡት ሥርዓት ተገፉ፤ ማንጆዎች ግን ስለ ተወለዱበት ዘር። እንግዲህ በፈቃድ የተመሠረተው እኩልነት ለአባል ብቻ ነውን ወይስ ለሰው ሁሉ? ማኅበሩን ማወደስ ቀላል ነው፤ ወደ ፊት የሚጽፍ ግን የቦንጋን ሽማግሌዎችና የፎገራን ጎረቤቶች ቃል ከማኅበሩ ቃል ጋር ሊያስተያይ ይገባዋል።