ጥፋተኝነትና ብቃት፦ የእንግሊዙ የሕክምና ካውንስል አቤቱታ የዳኘበት መንገድ

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2011 በእንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ፣ ሮያል ኢንፈርመሪ በተባለው ሆስፒታል፣ አንድ የ6 ዓመት ሕፃን በተቅማጥ፣ በትውከትና በትንፋሽ መቸገር ምክንያት ጠዋት ገብቶ ያንኑ ዕለት ማታ በሴፕሲስ ሕይወቱ አለፈ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕፃኑ ዳውን ሲንድሮም ያለበትና ቀደም ሲል የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ነበር። በሕፃናት ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ የነበሩት ተረኛ ሐኪም ዶክተር ሐዲዛ ባዋ-ጋርባ ሕመሙን በመጀመሪያ የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን አድርገው ወሰዱት። የደረት ራጁን ዘግይተው ተመለከቱ፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱም ዘግይቶ ተጀመረ። ማታ የሕፃኑ ልብ ሲቆም፣ ልብና ትንፋሽን የመመለስ ርዳታ እንዳይደረግለት ከተወሰነበት ሌላ ሕፃን ጋር አምታተው ርዳታውን ለአጭር ጊዜ አስቋረጡ።

እነዚህ ስሕተቶች ከባድ ናቸው፤ ሊቃለሉም አይገባም። ይሁን እንጂ ሐኪሟ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ የወሊድ ፈቃድ በቅርቡ የተመለሱ ነበሩ። ያን ዕለት የሌሎች ባልደረቦችን ሥራ ደርበው ይዘዋል። ኃላፊው ስፔሻሊስት እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ከሆስፒታሉ ውጪ ነበሩ። የኮምፒዩተሩ አሠራር በመቋረጡም የላቦራቶሪ ውጤት በወቅቱ አልደረሰም። በተረኝነት ሌሊት ዋርድ ብቻውን ይዞ የሚያውቅ ሐኪም ይህን ዕለት በዓይነ ኅሊናው ለመሳል አይቸገርም።

በኖቬምበር 2015 የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ሐኪሟን በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ብለው ፈረዱ፤ የተወሰነባቸው የ2 ዓመት እሥራትም በገደብ ታገደ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የሐኪሞችን መዝገብ ወደሚይዘው ጄነራል ሜዲካል ካውንስል ተሻገረ። በካውንስሉ ሥር የሚገኘው፣ በውሳኔው ግን ነፃ የሆነው የሐኪሞች ችሎት በ2017 ማስረጃውን መርምሮ ሐኪሟ ለ12 ወራት ከሥራ እንዲታገዱ ወሰነ። ካውንስሉ በውሳኔው አልተስማማም። በገዛ ችሎቱ ላይ ይግባኝ ጠይቆ በጃንዋሪ 2018 የሐኪሟን ስም ከመዝገብ የሚያስፍቅ ውሳኔ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት አገኘ። በኦገስት 13 ቀን 2018 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ሽሮ የመጀመሪያውን እገዳ አጸና።

ሊተች የሚገባው የካውንስሉ ክርክር ነው። ካውንስሉ እንዳለው፣ የሕዝብ ዳኞች ጥፋተኛ ያሏትን ሐኪም ችሎቱ የሆስፒታሉን ጉድለት ቆጥሮ ማቅለሉ ፍርዱን እንደ መሻር ነበር፤ ሕዝብ በሙያው ላይ ያለው አመኔታም መፋቅን ይጠይቅ ነበር። ይህ አባባል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያቀላቅላል። የሕዝብ ዳኞች የተጠየቁት ሐኪሟ በዚያ ዕለት በሠሩት ሥራ ጥፋተኛ መሆን አለመሆናቸውን ነው። የሙያ ችሎቱ የሚጠየቀው ግን ሐኪሟ ነገ በሽተኛ ቢይዙ በሽተኛው ለአደጋ ይጋለጥ እንደሆነ ነው። ለዚህኛው ጥያቄ ከዚያ ዕለት በፊትና በኋላ የሠሩት ሁሉ፣ ስሕተታቸውን ማወቃቸውና ማረማቸው፣ የዕለቱም ሁኔታ ማስረጃ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በመሠረቱ ያለው ይህንኑ ነው። ጉዳዩን በሙያቸው የሚያውቁት የችሎቱ አባላት የለዩትን ነገር ካውንስሉ ሳይለይ መቅረቱ አስገራሚ ነው። የሕዝብ አመኔታ የሚለው ሐረግም መለኪያ ስለሌለው፣ የጋዜጣ ጩኸት በበረታ ቁጥር ቅጣቱን ለማክበድ ይመቻል።

ያስከተለውም ጉዳት በአንዲት ሐኪም ላይ አልቆመም። ሐኪሟ ለሥልጠና በጻፏቸው የራስ ግምገማ ማስታወሻዎች ተከሰሱ የሚል ወሬ በእንግሊዝ ሐኪሞች ዘንድ በሰፊው ተሰራጨ። የሥልጠና መዝገባቸው ለሕዝብ ዳኞች በማስረጃነት እንዳልቀረበ ኋላ ቢነገርም፣ ፍርሃቱ ከማስተባበያው ቀድሞ ሥር ሰዶ ነበር። ብዙዎች ስሕተታቸውን በጽሑፍ ማስፈር እንደሚፈሩ በግልጽ ተናገሩ፤ ለሐኪሟ የሕግ ወጪም ከ300 ሺህ ፓውንድ በላይ አዋጡ። ስሕተቱን የሚደብቅ ሐኪም ደግሞ ለበሽተኛው ከማንም ይበልጥ አደገኛ ነው።

አቤቱታ በማን ላይ እንደሚቀርብም ሊታይ ይገባል። ካውንስሉ ራሱ አስጠንቶ በ2019 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ አሠሪዎች ከእንግሊዝ ውጪ የተመረቁ ሐኪሞችን ለካውንስሉ የሚያቀርቡበት መጠን በዚያው አገር ከተመረቁት በ2 ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ጥናቱ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የሥራ አለቆች ከእነርሱ የተለየ ሰው ሲያጠፋ በጊዜው ፊት ለፊት ነግረው ለማረም ማመንታታቸው ነው። ከኢትዮጵያ ተመርቀው በዚያ የሚሠሩ ሐኪሞችም ከዚሁ ወገን ናቸውና ነገሩ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም።

የሟቹ ቤተሰብም ሊዘነጋ አይገባም። ወላጆቹ የሐኪሟ ስም እንዲፋቅ ይሹ ነበር፤ ሐዘናቸውም ይህን ለመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። ያገኙት ግን በየዓመቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ችሎት ነው።

በፕሮፌሰር ሰር ኖርማን ዊልያምስ የተመራው ኮሚቴ በጁን 2018 ካውንስሉ በገዛ ችሎቱ ላይ ይግባኝ የማለት መብቱ እንዲነሣ መከረ፤ መንግሥትም ምክሩን ተቀበለ። ሐኪሟም በ2021 ያለ ገደብ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ከ2015 እስከ 2021 ከተቀመጡት እነዚህ ችሎቶች አንዱም የዚያን ዕለት የተረኞች ድልድል ያወጣውን ክፍል ወይም የኮምፒዩተሩን አሠራር የሚመራውን ኃላፊ ጠርቶ አሠራሩን እንዲያርም የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። የካውንስሉ ሥልጣን በመዝገቡ ላይ በሰፈሩ ግለሰቦች ይወሰናል፤ ሆስፒታሎችን የሚቆጣጠረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አቤቱታ በቀረበ ጊዜ ሁለቱ አካላት መዝገቡን አብረው የሚከፍቱበት ግዴታ ቢኖር፣ በሐኪሟና በሆስፒታሉ ላይ የሚነሣው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን ይመረመር ነበር።