ወረፋ የሚገባው መኪና

ማልቨርን ሊንክ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ ሞርጋን የስፖርት መኪና በሚሠራበት ግቢ ውስጥ፣ አናጢው ሦስት ስስ የአሽ እንጨት ጣውላዎችን ኮላ ቀብቶ አንዱን በሌላው ላይ ያነባብራል። በቅስት ቅርጽ በተሠራ ማቀፊያ ላይ ቀስ እያለ ያጎብጣቸዋል፤ በመጭመቂያ ብሎኖች ጥርቅም አድርጎ ያስራቸዋል። ኮላው እስኪይዝ ማንም አይነካቸውም። ሲፈቱ ሦስቱ አንድ ሆነዋል፤ የኋላውን ጎማ የሚያቅፈው ቅስት ይህ ነው። ገዢው ለወራት፣ በአንዳንድ ዘመን ደግሞ ለዓመታት የሚጠብቀው መኪና አካሉ ከዚህ እንጨት ይጀምራል።

አሽ በዚያ አገር ለመጥረቢያና ለመዶሻ እጀታ የሚመረጥ እንጨት ነው። ሲመታ ይለመጣል እንጂ ቶሎ አይሰበርም፤ ንዝረትንም ውጦ ያስቀራል። የሞርጋን ሰዎች የያዙት ለዚህ ጠባዩ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም፤ ለጌጥማ ቢሆን ኖሮ ከላሜራ ሥር ባልደበቁት ነበር። ብዙ ሰው የሞርጋን ሻንሲ እንጨት ነው ብሎ ያወራል። ስህተት ነው። ሻንሲው ብረት ነበር፤ ዛሬ አሉሚኒየም ነው። እንጨቱ በሻንሲውና በላሜራው መካከል ያለው አጥንት ነው፤ በሩ የሚንጠለጠልበት፣ ላሜራው የሚታሰርበት።

ኻርቱም የኖረ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸግረውም። አል-ጣኢፍ ሰፈር በኖርኩባቸው ዓመታት በየግቢው አጥር ሥር የሚቆሙት መኪኖች አብዛኞቹ የጃፓንና የኮሪያ ነበሩ። ከመርከብ የወረዱ፣ ገንዘቡ በተከፈለ ቀን የሚነዱ፣ በቀለም ካልሆነ አንዱን ከሌላው የማትለዩአቸው። እኔን ግን የሚያስቆመኝ ከከተማው ዳር የሚታየው አሮጌው ቤድፎርድ ሎሪ ነበር። ሞተሩና ሻንሲው የእንግሊዝ ነው፤ ካሶኔው ግን የሱዳን አናጢና የሱዳን ብረት ሠራተኛ እጅ ነው። በበረሃ መንገድ ስንት ጊዜ ተንገጫግጮ እንዳልተፈታ መገጣጠሚያውን ስታዩ ይገባችኋል። የእኛም አገር የጭነት መኪና ካሶኔ ሠሪዎች እንዲሁ ናቸው። ባዶ ሻንሲ ተቀብሎ አካል ማልበስ፣ ማልቨርንም ሆነ ኦምዱርማን፣ አንድ ሙያ ነው።

የድርጅቱ መሥራች ኤች. ኤፍ. ኤስ. ሞርጋን የመጀመሪያውን ባለ ሦስት ጎማ መኪና የሠራው በ1909 ነው። ባለ አራት ጎማው በ1936 ተከተለ። በዚያ ዓመት የተጀመረው የብረት ሻንሲ እየተሻሻለ 84 ዓመት አገልግሎ በ2020 ነው የቆመው። ሞተሩ ተለወጠ፣ ማርሹ ተለወጠ፣ በ2019ም አብዛኛው ድርሻ ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ ወደ አንድ የኢጣሊያ የኢንቨስትመንት ድርጅት ገባ። እንጨት ቤቱ ግን አልተዘጋም። አዲሱም የአሉሚኒየም ሻንሲ የአሽ አጥንት ይለብሳል።

ኮፈኑን ተመልከቱት። ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ መጽሐፍ በሁለት ይከፈላል። በላዩና በጎኑ በተርታ የተደረደሩ የአየር መውጫ ስንጥቆች አሉ። ሠራተኛው ላሜራውን በፕሬሱ ሥር ይዞ አንዱን ስንጥቅ ይመታል፤ ላሜራውን ጥቂት ያንቀሳቅሳል፤ ቀጣዩን ይመታል። መስመሩ ትንሽ ቢዛነፍ የሚያየው ሰው ምን እንደተበላሸ ባያውቅም ዓይኑ ይጎረብጠዋል። ቀጥሎ ኮፈኑ በራሱ መኪና ላይ ይለካል፤ ጠርዙ ይሞረዳል፤ እንደገና ይለካል። በዚህ የተነሣ የአንዱ ሞርጋን ኮፈን ለሌላው በትክክል አይገጥምም። በትልቅ ፋብሪካ ይህ ጉድለት ይባላል። እዚህ ግን ሠራተኛው ከዚያ አንድ መኪና ጋር ስለዋለ ነው፤ የመኪናውን እንከን ያውቃል፤ ኮፈኑንም ለዚያው ሲል ቆርጦታል። በግቢው ውስጥ መኪናው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚሄደው በሰው እጅ እየተገፋ ነበር፤ ከአናጢው ወደ ላሜራ ቀጥቃጩ፣ ከዚያ ወደ ቀለም ቀቢው፣ ከዚያም ቆዳ ወደሚሰፉት።

እንዲህ የሚሠራ ቤት በሳምንት የሚያወጣው ጥቂት መኪና ነው። በ1990 ሰር ጆን ሃርቪ-ጆንስ የተባሉት ታዋቂ የኢንዱስትሪ ሰው፣ የተቸገሩ ድርጅቶችን እየዞሩ የሚመክሩበትን የቢቢሲ ፕሮግራም ይዘው ማልቨርን ሄዱ። የዓመታት ወረፋ አዩና ተገረሙ። ምርታችሁን ጨምሩ፣ አሠራራችሁን አዘምኑ አሉ። የመሥራቹ ልጅ ፒተር ሞርጋንና የልጅ ልጁ ቻርልስ ምክሩን እንዳለ አልተቀበሉም። ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ ደግሞ ትእዛዙ በረከተ። ሰር ጆን ከሒሳብ አንጻር ሲታይ ልክ ነበሩ፤ ገንዘቡን ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ለዓመታት መቆየት የለበትም። ነገር ግን ፒተር ሞርጋን የገባቸው አንድ ነገር ነበር፤ ከዚያ አናጢ ቤት እጥፍ ምርት ከተጠየቀ መጀመሪያ የሚቀረው ኮፈኑን ሁለተኛ ጊዜ መለካት ነው።

ወረፋ ሁሉ ግን ከእጅ ፍጥነት አይወለድም። ማራኔሎ የሚገኘው የፌራሪ ፋብሪካ ልዩ ሞዴሎቹን ስንት እንደሚሠራ አስቀድሞ ያውጃል። በ2002 ኤንዞ የተባለውን መኪና 349 አወጣለሁ ብሎ ወደ 399 አሳደገው፤ አንድ ተጨማሪ ሠርቶም ለሮማው ጳጳስ ሰጠ፤ መኪናውም ለሱናሚ ተጎጂዎች እርዳታ በ2005 በጨረታ ተሸጠ። ላፌራሪ ደግሞ 499 ነበር። እነዚህን ለመግዛት ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ ፋብሪካው የቆዩ ደንበኞቹን ይመርጣል፤ ከዚህ ቀደም ስንት ፌራሪ ገዝተሃል የሚለው ይመዘናል። ይህን ወረፋ የሚፈጥረው ጽሕፈት ቤት ነው። ሥራው መጥፎ ነው አልልም። በ1987 የወጣውን ኤፍ 40 ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ክብደት ለመቀነስ ቀለሙ እጅግ ስስ ሆኖ ስለተቀባ ከሥሩ የካርቦኑ ሽመና ይታያል፤ በሩን ከውስጥ የምትከፍቱት በገመድ ነው፤ መገጣጠሚያው ላይ ኮላው እንደፈሰሰ ይታያል። ማንም አልደበቀውም። የሚገርመው፣ ፋብሪካው 400 ያህል ለመሥራት አስቦ ፈላጊው ሲበዛ ከ1,300 በላይ ሠራ፤ ኤፍ 40 ግን በዚህ ክብሩ አልቀነሰም። ቁጥር ማሳነስ መኪናን ታላቅ እንደማያደርግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

የተገላቢጦሹን ያየሁት በማክላረን ኤፍ 1 ነው። ይህን መኪና የነደፈው ጎርደን መሬይ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን የተወለደ የእኛው አህጉር ሰው ነው። ሐሳቡ መልክ የያዘው በ1988 ከሞንዛ የመኪና ውድድር በኋላ ሚላኖ በሚገኘው የሊናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ በረራቸው ዘግይቶ ከማክላረን ኃላፊ ከሮን ዴኒስና ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲጠባበቁ። መሬይ ሙሉ አካሉን ከካርቦን ፋይበር ሠራው፤ ለመንገድ መኪና ያኔ አዲስ ነገር ነበር። ነጂውን መሐል አስቀመጠው፣ ሁለቱን ተሳፋሪዎች በግራና በቀኝ ወደ ኋላ ገባ አድርጎ። የነጂው ወንበር፣ መሪውና ፔዳሎቹ የሚስተካከሉት በገዢው ቁመት ተለክተው ነው፤ ልብስ ሰፊ ደንበኛውን እንደሚለካ። የሞተሩን ክፍል በወርቅ ቅጠል አለበሰው። ወርቁ ለልታይ ልታይ አይደለም፤ ከወርቅ የተሻለ ሙቀት የሚመልስ አላገኘም። አብሮ የሚሰጠው የመፍቻ ስብስብ እንኳ ክብደቱ እንዲቀልል ከቲታኒየም የተሠራ ነው። ማንም ለማያየው ነገር ይህን ያህል የተጨነቁበት መኪና ሌላ አላውቅም። አንዱን ለመሥራት ሦስት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። በ1995 ለውድድር የተዘጋጀው ለ ማን በሚባለው የፈረንሳይ ውድድር አሸነፈ፤ በ1998 ደግሞ የመንገዱ በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሮጠ።

ታዲያ ይህ መኪና ሲወጣ ወረፋ አልነበረውም። 300 ሊሠራ ታስቦ፣ የዓለም ኢኮኖሚ በተቀዛቀዘበት ዘመን ዋጋው ከብዶ፣ ምርቱ በ1998 ሲቆም ከሙከራዎቹና ከውድድሮቹ ጋር 106 ብቻ ነበር። ዛሬ ሰው የሚሻማበት ነው፤ በ2021 አንዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። መሬይ ከዚያ በኋላ በራሱ ድርጅት ቲ 50 የተባለውን በ100 ብቻ ወስኖ በ2020 ሲያሳይ ወዲያው ነው ያለቀው። የሠሪው እጅ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው የገዢው ዓይን ነው።

ስለዚህ የወረፋ ርዝመት ስለ ሥራው ጥራት የሚነግረን እምብዛም የለም። መጠየቅ ያለብን ሰውየው የሚጠብቀው ምንን ነው ብለን ነው። ፊርማን የሚጠብቅ ከሆነ ወረፋው የሻጩ ነው። የአናጢውን እጅ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ወረፋው የሥራው አካል ነው፤ ከመኪናው ላይ ልትነጥሉት አትችሉም። በእኔ ሚዛን ሞርጋን ከሁሉም ፈጣኑ አይደለም፤ በብልሃትም ኤፍ 1 ይበልጠዋል። ወረፋው የሚገባው ግን እርሱ ነው።

የሞርጋን ፋብሪካ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ወደ ማልቨርን ባቡር አለ። እንግሊዝ አገር ያላችሁ አንባቢዎች አንድ ቀን ስጡትና ሂዱ። የተጠናቀቁትና የሚያብረቀርቁት መኪኖች ዘንድ ብዙ አትቁሙ፤ እነርሱን በሥዕልም ታዩአቸዋላችሁ። እንጨት ቤቱ ገብታችሁ የአናጢውን እጅ ተመልከቱ።